ላንድክሩዘሬ አቧራ እየሳበ ነውና እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለኝ፤ 4.2 ሊትር፣ ያለ ተርቦ። ከባቲ ወጣ ብሎ በጠጠር መንገድ እህል አመላልሳለሁ። የበጋው አቧራ አያድርስ ነው። ባለፈው የአየር ፊልትሮውን ስከፍተው እጥፋቶቹ መሃል እንደ በሶ የላመ ቀይ ዱቄት ጢም ብሏል። የባሰው ደግሞ ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ በሚገባው ቱቦ ጣቴን ሳስገባ አቧራ ይዞ ወጣ። ልቤ ድንግጥ አለ።

አሁን አየሩን አሽከርክሮ ከባዱን አቧራ ወደ ዳር የሚወረውር መለያ ገዝቻለሁ። ስኖርክሉ (ሞተሩ አየር ከላይ የሚስብበት ቱቦ) ጫፍ ላይ ልገጥመው ስል ግን የመለያው አፍ ጠበበ። አንድ መካኒክ "በጎማ ጠቅልለህ እሰረው" አለኝ። አልተዋጠልኝም፤ በጎን አየር ከሳበ ትርፉ ምንድነው?

ቶርኖ ቤት ማገናኛ ቀለበት ባሠራስ? የጠበበው አፍ ሞተሩን አያንቀውም? ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ ድሮም አየሩ ይሳሳል፤ ጥቁር ጭስ እንዳያመጣ ፈራሁ። ደግሞስ ከፊልትሮው ወዲያ አቧራ ያሳለፈው ምንድነው? የፊልትሮው ጎማ ዳር ነው ወይስ ቱቦው ተሰንጥቆ? እሱን ሳልደፍን መለያውን ብገጥም ዋጋ የለውም መሰለኝ። ከዚህ በፊት የገጠመ ሰው ፎቶ ቢልክልኝ ውለታውን አልረሳም።