በራሱ ፈቃድ ለሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ አለ?

ጥያቄ፦ የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ 6 ዓመት ከ6 ወር አገልግሎት፣ የወር ደመወዝ 12,000 ብር። የሰው ኃይል ክፍሉ «ጡረታ ስለተቆረጠልህ ስንብት የለህም» ይላል። ልክ ነው? ስሌቱስ እንዴት ነው?

መልስ 1፦ ልክ አይደለም፤ ይህች ሰበብ ደግሞ አታረጅም። ጡረታ ክፍያውን የሚያስቀረው ሠራተኛው በጡረታ ዕድሜ ወጥቶ አበል ሲያገኝ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 39 መሠረት 5 ዓመት ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ቢለቅም ይከፈለዋል፤ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ካለበት ግን አይደለም።

ስሌቱ አንቀጽ 40 ላይ ነው። መነሻው የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው፤ 400 ብር እንበል።
ለመጀመሪያው ዓመት 30 × 400 = 12,000
ለተጨማሪ 5 ዓመት፣ በየዓመቱ ሲሶው፦ 5 × 4,000 = 20,000
ለ6 ወር፦ 2,000
ድምር 34,000 ብር። ብዙ ሰው በየዓመቱ ሙሉ የወር ደመወዝ እያሰበ ይሳሳታል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው።

መልስ 2፦ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ስጥ፣ ቅጂው ላይ አስፈርም። ሳትሰጥ ከወጣህ ካሣ ይጠየቅብሃል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ለብቻው በገንዘብ ይታሰባል፤ ከስንብቱ ጋር እንዳይደባለቅ።

ጠያቂ፦ እስከ መቼ መክፈል አለባቸው?

መልስ 1፦ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ። ካዘገዩ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርባቸው ይችላል። ክሱ ግን በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ «ነገ ና» እያሉ ጊዜውን እንዳያስበሉህ።