ጡትን ሳይጫን የሚያነሣው ሲቲ ስካን ማሞግራምን ይተካል?

ጠያቂ፦ ብሩክታዊት
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ማሞግራም (የጡት ኤክስሬይ) ተነሥታ ውጤቱ «ባይራድስ (የጡት ምስል ውጤት መመደቢያ) 0፣ ጥቅጥቅ ያለ ጡት፣ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» ይላል። እሷ ግን ጡቷ በሰሌዳዎቹ መካከል ሲጨመቅ ክፉኛ ስላመማት «ዳግመኛ አልሄድም» ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ጡትን ምንም ሳይጫን የሚያነሣ ሲቲ ስካን እንዳለ ሰማሁ። እውነት ነው? ካልተገኘስ የደረት ሲቲ ስካን ብትነሣ አይበቃም?

የራዲዮሎጂ ባለሙያ
እውነት ነው። ታካሚዋ ቀዳዳ ባለው አልጋ ላይ በሆዷ ትተኛለች፤ ጡቷ በቀዳዳው ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከአልጋው ሥር የኤክስሬይ ምንጩና የምስል መቀበያው ጡቱን እየዞሩ በ10 ሰከንድ ገደማ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ያነሣሉ። ኮምፒውተሩ እነዚህን አቀናጅቶ ጡቱን በስስ በስሱ ቆራርጦ ያሳያል።

ማሞግራም ጡትን የሚጫነው በከንቱ አይደለም። ምስሉ በጡቱ ውስጥ ተደራርቦ ያለውን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያነጥፍ፣ ጤነኛው ሕብረ ሕዋስ እብጠቱን ሊሸፍነው ይችላል። መጫኑ መደራረቡን ይቀንሳል፣ ጨረሩንም ያሳንሳል፣ ምስሉ በእንቅስቃሴ እንዳይደበዝዝም ያደርጋል። ሲቲ ስካኑ መደራረቡን በሌላ መንገድ ስለሚፈታው መጫን አያስፈልገውም። ጥቅጥቅ ላለ፣ ማለትም ከስቡ ይልቅ እጢው ለበዛበት ጡት ጥሩ ተስፋ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ይሁንና ኮኒንግ የተባለው ኩባንያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ሲያገኝ፣ ፈቃዱ አጠራጣሪ ነገር ሲኖር ለማጣራት እንጂ ምልክት ለሌላቸው ሴቶች ለሚደረገው መደበኛ ቅድመ ምርመራ አልነበረም።

የደረት ሲቲ ስካን አይተካውም። ጨረሩ በሳንባና በልብ ሁሉ ያልፋል፤ የካንሰር ጅማሬ ምልክት ሊሆኑ የሚችሉትን ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ለማየት የሚበቃ ጥራትም የለውም።

ወይንሸት
የጡት ሲቲ ስካኑን እኔ ተነሥቼዋለሁ። ጡቴን የነካው ነገር አልነበረም። የከበደኝ በሆዴ ተኝቼ አንገቴን ወደ ጎን አዙሬ ያለ እንቅስቃሴ መቆየት ነው፤ እናትሽ የወገብ ወይም የአንገት ሕመም ካለባቸው አስቀድመው ይናገሩ። ምስሉን የሚያደምቅ የአዮዲን መድኃኒትም በክንዴ ደም ሥር ተሰጥቶኝ ሰውነቴን ሙቀት ወረረው፤ ወዲያው አለፈ።

ዶክተር መ.
ወይንሸት ያነሣችው መድኃኒት የሚሰጠው ካንሰር ለራሱ አዳዲስ የደም ሥሮች ስለሚያበቅልና መድኃኒቱን ስለሚስብ ነው። ከዚያ በፊት የኩላሊት ሁኔታ መታየት አለበት፤ ለአዮዲን መድኃኒት አለርጂ ካለ መናገርም ግዴታ ነው።

መሣሪያውን ግን ያለ ልክ አናወድሰው። ጡቱ ካልተጫነ ጨረር የለም ማለት አይደለም፤ መጠኑ ለማጣራት ከሚነሣ ማሞግራም ጋር የሚቀራረብ ነው። ወደ ደረት ግድግዳና ወደ ብብት የተጠጋው ክፍል በቀዳዳው በኩል በሙሉ ላይወርድ ይችላል። በጣም ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶችን ለማየት ደግሞ ዛሬም ማሞግራምን አምናለሁ።

ብሩክታዊት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሣሪያው በአቅራቢያችን የለም። እናቴ ለስኳር ሕመሟ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ታዲያ አሁን ምን ላድርግ? «መጫኑ ራሱ ካንሰሩን ይበትነዋል» ብለውም አስፈራርተዋታል።

ዶክተር መ.
መጫን ካንሰርን አይበትንም፤ ይህን በእርግጠኝነት ንገሪያቸው። ባይራድስ 0 ማለትም ካንሰር ተገኘ ማለት ሳይሆን ምርመራው አልተሟላም ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያ ፍለጋ ቀጠሮው እንዳይዘገይ።

ራዲዮሎጂስቱን «አልትራሳውንድ ይቅደምልን ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ጨረር የለውም፣ ጡትንም አይጨምቅም፤ ጥቅጥቅ ባለ ጡት ውስጥ ፈሳሽ የያዘውን ከረጢት ከጠጣሩ እብጠት ይለያል። ተጨማሪ ማሞግራም የግድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጫነው የተጠረጠረው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ። ባለሙያዋ ቀስ በቀስ እንድትጫንና «ይብቃ» ሲሏት እንድታቆም አስቀድማችሁ ተስማሙ። በማግኔት ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይም ያለ ጫና የሚሠራ ሌላ አማራጭ ነው፤ ለእሳቸው ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪማቸው ይወስን።

ሜትፎርሚኑን በራሳቸው እንዳያቋርጡ። የአዮዲን መድኃኒት የሚሰጣቸው ከሆነ፣ እንደ ኩላሊታቸው ሁኔታ ለጊዜው እንዲቆም የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው።

የራዲዮሎጂ ባለሙያ
የቀድሞ ምስሎች ካሉ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሎቹን ራሳቸውን ይዘሽ ሂጂ። አጠራጣሪ የመሰለው ከዓመታት በፊትም እንዲሁ ከነበረ፣ ንጽጽሩ ብቻ ጉዳዩን ሊዘጋው ይችላል። አዲስ ከሆነና ካጠራጠረ ግን ናሙና ይወሰዳል፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። አጠራጣሪው ነገር በአልትራሳውንድ የሚታይ ከሆነ፣ በእሱ እየታየ ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ይሠራል፤ እንዲህ ሲሆን ጡትን መጨመቅ አያስፈልግም።