ናይሮቢ ወይስ ካምፓላ? ጡረታዬን ይዤ የት ልረፍ

ጠያቂዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። 66 ዓመቴ ነው። አሜሪካ ወደ 30 ዓመት ኖሬያለሁ። አብዛኛውን ዘመኔን በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ሳነሳና ሳጥብ ጨርሼ፣ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ጡረታ ወጣሁ። በወር 1,700 ዶላር ይገባልኛል። ዕዳዋን ከፍዬ የጨረስኳት ትንሽ ኮንዶ አለችኝ፤ ግን የማኅበሩ መዋጮ፣ የቤት ግብሩና የክረምቱ ማሞቂያ ተደምረው ጡረታዬን እየበሉት ነው። ልጆቼ አድገው የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። ኮንዶዋን ሸጬ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ልግባ ብዬ ቆርጫለሁ።

ያልቆረጥኩት የቱ አገር እንደሆነ ነው። ናይሮቢን አውቃታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 በሞያሌ ወጥቼ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ከርሜ፣ ከዚያ ኢስሊ አንዲት ክፍል ውስጥ ለአራት ሆነን ኖረናል። በር ሲንኳኳ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ዝም የምንልበት ጊዜ ነበር። የላምባ ምድጃው ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ካምፓላን ግን ረግጫት አላውቅም። እዚያ የገባች የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ «ግማሽ በግማሽ ይረክሳል» ትለኛለች። ሁለቱም አገር የምትኖሩ፣ እስቲ ተከራከሩልኝና እውነቱን ልስማ።

ናይሮቢ 14 ዓመት፦

እትዬ፣ ያቺ በር ሲንኳኳ የምትፈሯት ናይሮቢ ያኔ ወረቀት ያልነበራችሁበት ናይሮቢ ናት። ዛሬ ሲመጡ ሌላ ከተማ ነው የሚያገኙት። አየሩ የአዲስ አበባ ወንድም ነው፤ ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ማታ ጋቢ ያስደርባል። ልብ፣ ኩላሊት፣ ዓይን ቢያምዎት ስፔሻሊስቱ እዚሁ አለ። ከአትክልት ሻጯ እስከ ቤት አከራዩ ሁሉም በኤምፔሳ፣ በስልክ ገንዘብ መክፈያው፣ ስለሚቀበል ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንከራተት የለም። አማርኛ የሚናገር ሐኪም፣ ልብስ ሰፊ፣ ቄስ በቀላሉ ይገኛል።

ውድ መሆኗን አልክድም። ኪሊማኒ ደህና ባለ ሁለት መኝታ ቤት በወር ከ70,000 ሺሊንግ በታች ፈልጎ ማግኘት መባዘን ነው። በዛሬው ምንዛሪ፣ ዶላር 129 ሺሊንግ አካባቢ ሲሆን፣ ያ ከጡረታዎ አንድ ሦስተኛውን ይወስዳል። ሳውዝ ሲ ወይም ኢስሊ ከገቡ ወረድ ይላል። ለቤት ግን በአገባብዎ የአንድ ወር ኪራይና የአንድ ወር ማስያዣ ሰጥተው ቁልፍ ይቀበላሉ።

ካንሳንጋ ያለሁት፦

የናይሮቢው ወንድሜ ወጪውን ራሱ ነገረልን። እኔ ካምፓላ ስኖር ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት፣ ግቢ ያለው፣ የአቮካዶ ዛፍ ያለው፣ በወር 900,000 የኡጋንዳ ሺሊንግ እከፍላለሁ። 250 ዶላር መሆኑ ነው። እማማ፣ ከጡረታዎ አንድ ሰባተኛው ገደማ ብቻ ነው። ችግሩ አከራዮቹ የሦስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቁ መግቢያ ላይ ጠቀም ያለ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ከቤቴ ካባላጋላ ድረስ በእግር እሄዳለሁ፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ በዓል ሲመጣ ዶሮው እዚያ አለ። ሙዝ፣ አናናስ፣ ድንች፣ ዓሣ እንደ ልብ ነው። ሰዉ ቀስ ይላል። ሽማግሌ ሲያይ ይንበረከካል፤ የእኔ ጎረቤት ልጅ ቡና ስሰጣት ተንበርክካ ነው የምትቀበለኝ። መጀመሪያ ደንግጬ ላነሳት ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። በዚህ ዕድሜ የሚፈለገው ይህ ክብር አይደለም ወይ?

አንድ ሐኪም፦

ካንሳንጋ ያለሽው እህቴ፣ ስለ ወባ አንድ ቃል አልተነፈስሽም።

ኡጋንዳ በዓለም ላይ ወባ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። ካምፓላ ከ1,200 ሜትር እምብዛም ከፍ አትልም፤ ቪክቶሪያ ሐይቅም አጠገቧ ነው። ደጋ ተወልዶ፣ 30 ዓመት አሜሪካ የኖረ ሰው ደሙ በሽታውን አያውቀውም። በ66 ዓመት ዕድሜ የሚመጣ የመጀመሪያ ወባ በሁለትና ሦስት ቀን ሊከፋ ይችላል። ከጽኑ ሕመም እየተነሳ ለሚኖር ሰው የ250 ዶላር ቤት ርካሽ አይባልም። ናይሮቢ ውስጥ ግን በከፍታዋ የተነሳ በወባ የሚያዘው አብዛኛው ሰው ከሌላ ቦታ ይዞት የመጣ ነው።

ሌላ ነገር። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የሕክምና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። የትኛውም አገር ቢገቡ ከኪስዎ ወይም በግል ኢንሹራንስ ነው የሚታከሙት። ይህን የሰሙ ብዙዎች የፓርት ቢን፣ ማለትም ሐኪም ጋ ለመታየት የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ መዋጮ ወዲያው ያቋርጣሉ። ቆይተው ታመው ሲመለሱ፣ ለቀሩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት መዋጮው ላይ 10 በመቶ ይጨመርባቸዋል፤ ቅጣቱም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ነው። እባክዎ በችኮላ እንዳያቋርጡት።

ካንሳንጋ ያለሁት፦

እውነት ነው፣ መደበቅ አልነበረብኝም። ትንሹ ልጄ ሁለት ጊዜ ተይዟል። ሁለተኛው ጊዜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ግሎ፣ ጎረቤቴ በመኪናዋ አድርሳን በማግስቱ መድኃኒቱን ይዘን ተመለስን። ምርመራው ፈጣን ነው፣ መድኃኒቱ በየሰፈሩ አለ። አጎበር ሳይዘረጋ ቤቴ ውስጥ ሰው አይተኛም። ከዚህ ጋር መኖር ይቻላል፤ እኔ ግን 36 ዓመቴ ነው።

ሞያሌ ተወላጅ፦

ለኬንያ እኮ ቪዛ አያስፈልግም፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ መግባት ነው።

የወረቀት ሰው፦

ወንድሜ፣ ያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። እትዬ የያዙት የአሜሪካ ከሆነ ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሳይነሱ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው። የአንተም ሆነ የእሳቸው መግቢያ ደግሞ የጎብኚ ነው። መግባት ሌላ፣ መኖር ሌላ።

እኔ ናይሮቢ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በማስጨረስ ነው የምተዳደረው፤ ክርክራችሁን ሳነብ ሁላችሁም ስለ ቤት ኪራይ ታወራላችሁ። ኪራይ በየዓመቱ ይለወጣል። ወረቀት የሌለው ሰው ግን በርካሽ ቤትም በውድ ቤትም እኩል ነው የሚሰቃየው፤ እትዬ በር ሲንኳኳ ብለው የጻፉት ይህንኑ ነው።

ኬንያ ክላስ ኬ የሚባል ፈቃድ አላት። ዕድሜው ከ35 በላይ ለሆነ፣ አገሪቱ ውስጥ ሥራ ለማይቀጠርና በዓመት ቢያንስ 24,000 ዶላር የተረጋገጠ ገቢ ላለው ሰው ነው የተሰራው። ለጡረተኛ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። ኡጋንዳ እንዲህ ያለ የላትም። የእነሱ ፈቃድ ከክላስ ኤ እስከ ጂ በሥራ ዓይነት ነው የተደረደረው፦ መንግሥት፣ እርሻ፣ ማዕድን፣ ንግድ፣ ፋብሪካ፣ ሙያ፣ ቅጥር። ካንሳንጋ ያለሽው እህታችን በባለቤትሽ ሥራ የጥገኛ ወረቀት ይዘሽ ይመስለኛል። እትዬ በማን ጥገኛ ይሆናሉ?

የሚያሳዝነው እትዬ 1,700 በ12 ሲባዛ 20,400 ነው። የኬንያው ልብስ ተሰፍቷል፣ ልክዎ ግን ትንሽ ጎደለ።

መንገደኛ፦

ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? በየ90 ቀኑ ቡሲያ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ድንበር፣ ሄዶ ወጥቶ መግባት ነው። ሞተረኞቹ ራሳቸው «ቦዳ ቦዳ» የተባሉት ከድንበር ድንበር ሰው በማመላለስ ነው፤ የቆየ ሥራ ነው። ካልሆነ ደግሞ ኡጋንዳ ለስደተኛ ደግ አገር ናት። በእ.ኤ.አ. 2006ቱ ሕጋቸው ስደተኛ ሠርቶ ይበላል፣ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ስደተኛ ነኝ ብሎ መመዝገብ ነው።

ጠያቂዋ፦

ልጄ፣ ስምህን ስለማላውቅ ልጄ ልበልህ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለማንም አትምከር።

እኔ ስደተኛ ሆኜ አውቃለሁ። ዋልዳ ውስጥ ውኃ ለመቅዳት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ጀሪካን እደረድር ነበር። እህል በሚታደልበት ቀን ካርዷን በጡቴ ሥር ይዤ ነው የምተኛው፤ እሷ ከጠፋች ዱቄትም የለ፣ ስምም የለ። ያቺ ካርድ ሌላ መሄጃ ለሌለው ሰው ናት። ኡጋንዳ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ስደተኛ ተሸክማለች፤ ከሱዳን፣ ከኮንጎ፣ ከእኛም አገር ሸሽተው ናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር የገቡ አሉ። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዤ፣ ባንክ ደብተር ይዤ፣ ከእነሱ ፊት እሰለፋለሁ? እግዜር አያሳየኝ።

ድንበር እየወጣሁ መግባቱንም አልፈልገውም። ወገቤም አይችል፣ ልቤም አይችል። ማኅተም የሚመታው ሰው ቀና ብሎ ባየኝ ቁጥር እንደገና የ33 ዓመት ሴት መሆን አልሻም።

የወረቀት ሰው፦

በየ90 ቀኑ መመላለሱ ሕግም አይወደውም። ደንበኛዬ የነበረ አንድ ሰው በአራተኛው ዙር «አንተ ጎብኚ አይደለህም» ተብሎ ተመልሷል፤ ዕቃው በሙሉ ናይሮቢ ቤቱ ውስጥ ነበር።

አገር ቤት፦

ይቅርታ ይደረግልኝና ሁላችሁም ዋናውን ትታችሁ ዳር ዳር ትላላችሁ። እሳቸው እኮ ኢትዮጵያዊት ናቸው! የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን ካወጡ ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቁም፤ ቤትም በስማቸው መግዛት ይችላሉ። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህም እየወጣ ነው። በ1,700 ዶላር አዲስ አበባ ላይ ተከብረው ይኖራሉ። ናይሮቢ በሰኔ እ.ኤ.አ. 2024 ፓርላማ ድረስ የተገባበትን፣ ስንት ወጣት የወደቀበትን ሰልፍ አይታችኋል። ኡጋንዳም በጥር እ.ኤ.አ. 2021 ምርጫ ኢንተርኔቱን ለቀናት ዘግታ ሰዉ ከቤተሰቡ ተቆራርጧል። የሰው አገር የሰው ነው።

ጠያቂዋ፦

ቃልህ ደረቴ ውስጥ ገብቷል። ከሦስት ዓመት በፊት ለሁለት ወር መጥቼ ነበር። ለሠርግ፣ ለተስካር፣ ለሕክምና፣ ለትምህርት ቤት እያልኩ ስሰጥ 4,000 ዶላር አለቀብኝ። ማንንም አልወቅስም፤ የጠየቁኝ ሁሉ የእውነት የቸገራቸው ናቸው። አንዷ የአክስቴ ልጅ ሳልሰጣት ስቀር ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ የሻይ ብርጭቆውን ሰብስባ ወጣች። ያ ዝምታ እስካሁን ያመኛል። እኔ አርጅቼያለሁ፣ ጡረታዬ የአንድ ሰው ነው። ለቅሶ ሲሆን በሁለት ሰዓት አውሮፕላን የምደርስበት ቦታ ልሁን ያልኩት ለዚህ ነው።

ናይሮቢ 14 ዓመት፦

እትዬ፣ አንድ ነገር ልበል። ኮንዶዋን ለምን ይሸጧታል?

24,000 ሲቀነስ 20,400፣ የጎደለዎት 3,600 ነው፤ በወር 300 ዶላር። ኮንዶዋን ቢያከራዩአት ከግብሩና ከማኅበሩ መዋጮ በኋላ 300 አይተርፍም?

የወረቀት ሰው፦

ይቆጠራል! ፈቃዱ ገቢው ከጡረታ ብቻ ይሁን አይልም፤ የተረጋገጠ ይሁን ነው የሚለው። የኪራይ ውል፣ ኪራዩ በየወሩ የገባበት የባንክ ማስረጃ፣ የጡረታው ደብዳቤ ይያዝ። ቤቷን ሸጠው ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጡት ግን የሚታየው ቁጠባ እንጂ የዓመት ገቢ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ መጀመሪያ ይሸጣል፣ ከዚያ ይጠይቀኛል። በዚህ ፈቃድ አንዲት ቀን ተቀጥረው መሥራት እንደማይችሉም ይወቁ። ሰባት ዓመት ሳያቋርጡ በሕጋዊ መንገድ የኖሩ ደግሞ ዜግነት ለመጠየቅ በር ይከፈትላቸዋል።

አንድ ሐኪም፦

ቤቷ ካለች፣ ከታመሙም መመለሻ አለዎት ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ካንሳንጋ ያለሁት፦

እኔ አሁንም ካምፓላን አልለቅም፤ ኑሮዋን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ይምጣ። ግን ስለ ወረቀቱ መልስ የለኝም። ባለቤቴ ሥራውን ቢለቅ የእኔም ወረቀት አብሮ ይሄዳል፤ ይህን ሳስብ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌሊት አለ።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ደላላዋን ዛሬ ጠዋት ደውዬ ሽያጩን አቁሚ ብያታለሁ። ተከራይ እንድትፈልግልኝ ነግሬያታለሁ፤ 350 ይተርፍሻል ብላኛለች።

ናይሮቢን ግን ሳላያት በወረቀት ብቻ እሺ አልልም። በ100 ዶላር የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ አለ፤ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ለ90 ቀን ያስኬዳል። በጥር እገባለሁ። ሁለቱን ወር ሳውዝ ሲ፣ የቀረውን ካንሳንጋ።

የናይሮቢው ልጄ፣ ኢስሊ ያቺ ክፍል ያለችበት ሰፈር የሚወስደኝ ሰው ካገኘህልኝ ደስ ይለኛል። በጠራራ ፀሐይ፣ ወረቀቴን ይዤ ላያት እፈልጋለሁ። ካንሳንጋ ያለሽው ልጄ፣ አጎበሩን ከዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ ይሻላል?

ካንሳንጋ ያለሁት፦

እዚህ አለ እማማ፣ እኔ ዘርግቼ እጠብቅዎታለሁ። እርስዎ በርበሬ ብቻ ይያዙልኝ።