ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ፣ ተራ ቁጥር 4፦ የድረ ገጻችን ስም ክፍያ

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የመረዳጃ ማኅበራችንን ድረ ገጽ እንደገና ለመክፈት ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ ከተራ ቁጥር 4 በስተቀር አልቋል። እዚያ ላይ አሁን የሰፈረው «ለድረ ገጽ ስም መግዣ፣ 12 ዶላር» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ባለፈው ስብሰባ «ይቺን ማን ያጣታል» ተብሎ ታልፎ ነበር፤ ሒሳብ ተቆጣጣሪያችን ግን አልፈርምም ብለዋል። እስከ እሑድ ማታ አስተያየታችሁን እዚሁ ጻፉ፤ ሰኞ አስተካክዬ እልካለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም 12 ዶላሩ ከየት እንደ መጣ አልገባኝም። አንድ አባል የላኩልኝ ማስታወቂያ 1.99 ዶላር ይላል፤ ሌላው ደግሞ ለሱቃቸው በዓመት 22 ዶላር እንደሚከፍሉ ነገሩኝ። ሁለቱም ያው ዶት ኮም ነው። ትናንት ማታ ራሴ ልየው ብዬ ባለ 1.99ኙን መረጥኩ። የክፍያው ገጽ ላይ ስደርስ ድምሩ 71 ዶላር ሆኖ ጠበቀኝ። ሳልጠይቃቸው ኢሜይል ጨምረዋል፣ «ሙሉ ጥበቃ» የሚሉትን ጨምረዋል፣ ዘመኑንም ሦስት ዓመት አድርገውታል። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ ወደ 1.99 መለስኩት። ከሥር ግን ትንኝ በምታህል ፊደል «ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ 21.99» ይላል። መነጽሬን ባላደርግ ኖሮ አላየውም ነበር።

የቨርጂኒያው አባል፦
ጋሼ፣ ደግ አደረጉ። እንጀራዬ ከዚሁ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልናገር። በመጀመሪያ «መግዣ» የሚለው ቃል ይውጣልን። ስም በዓመት ይከራያል እንጂ አይገዛም፤ በአንድ ጊዜም ከአሥር ዓመት በላይ መከራየት አይቻልም።

ዋጋው እንደ ማንኛውም ዕቃ ጅምላና ችርቻሮ አለው። የዶት ኮም ስሞች ሁሉ የሚሰፍሩበትን መዝገብ የያዘው አንድ ኩባንያ ነው፤ ቬሪሳይን ይባላል፣ መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ሬስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የጅምላ ዋጋ፣ ቸርቻሪው ማንም ይሁን ማን ለአንድ ስም ለአንድ ዓመት 10.26 ዶላር ለቬሪሳይን ይከፍላል። በዚያ ላይ የዓለምን የስም አሰጣጥ ለሚያስተባብረው ለአይካን 20 ሳንቲም አለ፤ እስከ 2025 አጋማሽ 18 ሳንቲም ነበር። የሁለቱ ድምር 10.46 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የቸርቻሪው ነው፦ ካርድ የሚያስከፍልበት፣ ስልክ የሚያነሣ ሠራተኛ የሚቀጥርበት፣ ማስታወቂያ የሚያስነግርበትና የሚያተርፍበት። እንግዲህ በ1.99 የሚሸጥልን ሰው ከኪሱ ስምንት ዶላር ከግማሽ ገደማ ያወጣል ማለት ነው። ስለሚወደን አይደለም። ጋሼ አንድ በአንድ ባነሧቸው ምልክቶችና በ21.99ኙ ይመልሰዋል።

ጅምላውም ቢሆን ባለበት አይቆምም። ለዓመታት 7.85 ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2021 8.39፣ በ2022 8.97፣ በ2023 9.59፣ በ2024 ደግሞ 10.26 ሆነ። ቬሪሳይን ከአይካን ጋር ያለው ውል በየስድስት ዓመቱ ዙር በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት በየዓመቱ እስከ 7 በመቶ መጨመር ይፈቅዳል፤ ቬሪሳይን አራቱንም ጊዜ አላሳለፈም። አሁንም አራት ጊዜ ቢጨምር 13.45 ይደርሳል። ስለዚህ 12 ዶላሩ ለዘንድሮ ቢበቃ ለአምስት ዓመት አይበቃም።

ገንዘብ ያዥ፦
ገባኝ። «ሙሉ ጥበቃ» የሚሉትስ ያስፈልገናል?

የቨርጂኒያው አባል፦
አያስፈልገንም። የተመዝጋቢን አድራሻ ከሕዝብ ዓይን መሸፈን ዛሬ ብዙ ቸርቻሪዎች በነጻ የሚያደርጉት ነው። የአሳሹን የቁልፍ ምልክት የሚያመጣውን የምስክር ወረቀትም ሌትስ ኤንክሪፕት የሚባል አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። ገጹ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ ሌላ ሒሳብ ነው፤ ተራ ቁጥር 5 ላይ አለ፣ እዚህ አንቀላቅለው።

መሥራች አባል፦
ልጆቼ፣ ጅምላውና ችርቻሮው ገብቶኛል። ግን ኮም ማለት ንግድ ማለት አይደለም ወይ? እኛ ዕድር የወለደን የመረዳጃ ማኅበር ነን፤ ምን እንሸጣለን? ዶት ኦርግ ለምን አይሆንም? የአገራችን ዶት ኢቲስ?

የቨርጂኒያው አባል፦
ጋሽዬ፣ ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ለእኛ ዓይነቱ ኦርግ ዶት ኢቲ የሚል አለ፤ ክፍያው በብር መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። የአዲስ አበባው ቅርንጫፍ ሰነዶቹን ይዞ ቢያስመዘግብ በበኩሌ ደስ ይለኛል፤ ለብቻው ተራ ቁጥር ይሰጠው።

ዶት ኦርግን የያዘው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ልክ ነዎት፣ ለስሙ እሱ ይሻላል። ግን አይካን እ.ኤ.አ. በ2019 የዶት ኦርግን የዋጋ ጣራ አነሣ። በዚያው ዓመት ድርጅቱን አንድ የግል የኢንቨስትመንት ኩባንያ በ1.135 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማምቶ ነበር። በየአገሩ ያሉ በጎ አድራጊ ማኅበራት ጮኹ፤ በ2020 አይካን ሽያጩን ከለከለ። ሽያጩ ቢቀርም ጣራው አልተመለሰም። ዶት ኮም ቢወደድ እንኳ በስንት እንደሚወደድ አስቀድመን እናውቃለን። በጀት የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ይኸንን ይመስለኛል።

መሥራች አባል፦
አስረድተኸኛል፤ አላሳመንከኝም። ልዩነቴ ይመዝገብልኝ።

የሽቱትጋርቷ አባል፦
እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በስማችን ውስጥ ያለችው «ጸ» በላቲን ስትጻፍ አንዱ በቲ እና በኤስ ይጽፋታል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። ሁለቱንም አጻጻፍ በኮምም በኦርግም ብንይዝ ማንም አይቀማንም። በግዕዝ ፊደልም ቢጨመር ጥሩ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
እህቴ፣ በግዕዝ ከሆነማ «ጸ» እና «ፀ» መጡ፤ ስድስት ስም ሆነ። ስድስቱም በየዓመቱ ይበላሉ። አንድ በግ ለመጠበቅ አምስት ውሻ አልቀልብም። በማኅተማችን ላይ በላቲን እንደ ተጻፈው አንዱን እንያዝ፤ ሰውም እሱን ይልመድ።

ሒሳብ ተቆጣጣሪ፦
አልፈርምም ያልኩት በዋጋው አይደለም። የፊተኛው ስማችን እንዴት እንደ ጠፋ በአንድም ቃለ ጉባኤ ላይ ስላልሰፈረ ነው። ፋይሉን አገላብጬ ያገኘሁትን ልጻፍ።

ስሙ የተመዘገበው በአንድ የቀድሞ የኮሚቴ አባል ስምና በመሥሪያ ቤታቸው ኢሜይል ነበር። ሥራ ሲለቁ ኢሜይሉ ተዘጋ፤ የእድሳቱ ማሳሰቢያ ሁሉ ወደ ተዘጋ ሳጥን ሄደ። ገጹ መጥፋቱን ያወቅነው አንዲት እናት የለቅሶ ማስታወቂያ ፈልገው ሲያጡ ነው። በዚያ ጊዜ ቸርቻሪው ስሙን ለመመለስ 160 ዶላር ጠየቀ። ኮሚቴው «ተሰብስበን እንወስን» አለ። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ሁለት ጊዜ ተበተንን። በሦስተኛው ስብሰባ ሲፈቀድ ስሙ በሰው እጅ ገብቷል። ዛሬ አድራሻውን የሚከፍት ሰው የእግር ኳስ ውርርድ ያገኛል። ያው አድራሻ በዘንድሮው የቀን መቁጠሪያችን ግርጌ ላይ ታትሟል፤ ማድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በየቀኑ አየዋለሁ።

የቨርጂኒያው አባል፦
እትዬ፣ ያመለጠን ቀን በዚህ መልክ ይቆጠራል። ዘመኑ ካለቀ በኋላ መዝገቡ እስከ 45 ቀን ይታገሣል፤ ቸርቻሪው ከፈቀደ በዚህ ጊዜ በተለመደው ዋጋ ይታደሳል። ከዚያ ቸርቻሪው ሲሰርዘው የ30 ቀን መዋጃ ይጀምራል። ቬሪሳይን ለመመለሻው 40 ዶላር ይቀበላል። ከ160ው ላይ 40ውንና የዓመቱን 10.46 ስንቀንስ 110 ገደማው የቸርቻሪው ነበር ማለት ነው። ሰላሳው ቀን ካለፈ ስሙ አምስት ቀን ተዘግቶ ይቆይና ለቀደመ ይለቀቃል። የቀደሙት ሰዎች ሳይሆኑ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ በሰከንድ ውስጥ ይነጥቁታል።

ጸሐፊ፦
ለመዋጃ የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ እንያዝ?

ገንዘብ ያዥ፦
ለስንፍናችን በጀት አልይዝም። ፈቃዱ ግን ይሰጠኝ። የዚያን ጊዜ ገንዘቡ በካዝና ነበር፤ ያጣነው ወንበር የሚሞላ ሰው ነው። ስሙን ለማዳን ሲሆን አውጥቼ ኋላ ሪፖርት ላድርግ።

ሁለተኛው ነገር፣ ክፍያው በዶላር ይጻፍ። የአዲስ አበባ አባሎቻችን መዋጮ በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ከምናምን ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። 860 ብር ገደማ የነበረው የ15 ዶላር ክፍያ ከ1,500 በላይ ሆነ፤ እኛ በብር ጽፈን ጎደለብን።

የሽቱትጋርቷ አባል፦
በውጭ ያለነው ቅርንጫፎች እንክፈለው፤ ግን በማኅበሩ ካርድ እንጂ በግል ካርድ አይሁን። የአንድ ሰው ካርድ ዘመኑ ሲያልፍ እድሳቱ አብሮ ይቆማል፤ ያው የኢሜይሉ ጉድ ነው።

ጸሐፊ፦
እሑድ አለፈ። ተራ ቁጥር 4 የሚከተለውን መስሏል፦

«4. የድረ ገጽ ስም ኪራይ። ማኅበሩ አንድ የዶት ኮም ስም ለአምስት ዓመት ይመዘግባል፤ ለዚህም 75 ዶላር ይያዛል። ቸርቻሪው የሚመረጠው በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ሳይሆን በእድሳቱ ዋጋ ነው። ስሙ በማኅበሩ ስምና በማኅበሩ ኢሜይል ይመዘገባል፤ ክፍያው በማኅበሩ ካርድ ይፈጸማል። የይለፍ ቃሉን ገንዘብ ያዡና ጸሐፊዋ ይይዛሉ፤ ኃላፊዎች ሲለወጡ ከማኅተሙና ከቼክ ደብተሩ ጋር ርክክብ ይደረግበታል። ስሙ የሚያልቅበት ቀን በየዓመቱ የሒሳብ ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፋል። ገንዘብ ያዡ ስሙን ከመጥፋት ለማዳን እስከ 200 ዶላር ያለ ምልዓተ ጉባኤ ማውጣት ይችላል፤ በ15 ቀን ውስጥ ሪፖርት ያደርጋል። መሥራች አባላችን ስሙ ዶት ኦርግ እንዲሆን ልዩነታቸውን አስመዝግበዋል።»

ኦርግ ዶት ኢቲን በሚመለከት ለአዲስ አበባው ቅርንጫፍ ተራ ቁጥር 9 ተከፍቷል።

ሒሳብ ተቆጣጣሪ፦
እፈርማለሁ። የሚቀጥለውን የቀን መቁጠሪያ የሚያሳትመው ሰው ግን ከማሳተሙ በፊት አድራሻውን ራሱ ከፍቶ ይየው።

መሥራች አባል፦
የዘንድሮው 60 ቅጂ እኔ ቤት ተርፎ ነበር። ግርጌው ላይ ያለውን አድራሻ በጥቁር እስክሪብቶ እየሰረዝኩ ነው፤ 23 ደርሻለሁ።