የተማሪዎቹ ስም በሙሉ ???? ሆነብኝ፣ ነገ ጠዋት ካርድ ይታተማል

ቡና ቁርስ (ምሽት 2፡10)፦
ሰላም ጓዶች፣ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ቶሎ። የአንድ ትምህርት ቤት ሲስተም ትናንት ወደ አዲስ ሰርቨር አዛወርኩ። ማርኩ፣ ክፍሉ፣ ስልኩ ሁሉም ልክ ነው። ስም ብቻ ???? ???? ይላል። የ1,240 ተማሪ ስም! ነገ 3 ሰዓት ላይ ካርድ ይታተማል፣ ከሰዓት የወላጆች ቀን ነው። ኒያላ ፎንት ጫንኩ፣ ኖቶም ጫንኩ፣ እምቢ አለ። የትኛው ፎንት ነው የሚሠራው?

ሴሚኮለን፦
ፎንቱን ተወው ወንድሜ። ፎንት ሲጠፋ ባዶ ሳጥን ነው የምታየው። የጥያቄ ምልክት ከመጣ ፊደሉ መንገድ ላይ ተቀይሯል ማለት ነው። ዳታቤዙ ምንድን ነው? ከድሮው ሰርቨር በምን አወጣኸው?

ኮተቤ፦
ቴብሉን (ስሞቹ ያሉበትን ሰንጠረዥ) ወደ ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ4፣ ማለትም የሁሉንም ቋንቋ ፊደል ወደሚይዘው አጻጻፍ ቀይረው። አለቀ።

አባ ባይት፦
ነገሩ ከሥሩ ይታይ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው መደብ) ውስጥ የገባው በ1999 በስሪት 3.0 ነው። በዩቲኤፍ-8 (ያን ቁጥር በባይት መጻፊያው መንገድ) ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ላቲን-1 የሚባለው የድሮ የምዕራብ አውሮፓ አጻጻፍ ግን ለአንድ ፊደል 1 ባይት ብቻ ነው ያለው፣ ለ«ሀ» ቦታ የለውም። ስለዚህ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ከዩቲኤፍ-8 ወደ ላቲን-1 ቀይር ሲባል ያልቻለውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። ከስሪት 8.0 በፊት ዲፎልቱ (ካልነገርከው የሚይዘው) ላቲን-1 ነበር። ብዙዎቻችን የተቃጠልነው እዚያ ላይ ነው።

የሌሊት ወፍ፦
አባ፣ ሁሉም ግዕዝ 3 ባይት አይደለም። በ2021 የገቡት የጉራጊኛ ተጨማሪ ፊደላት 4 ባይት ናቸው። ማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ-8» የሚለው የድሮው ዓይነት ከ3 በላይ አይችልም። ኤምቢ4 አድርጉ የምንለው ለኢሞጂ ብቻ አይደለም።

ቡና ቁርስ፦
እህት ነኝ ☺ ማይኤስኪውኤል ነው፣ ድሮ 5.7 አሁን 8። ሳይቱ በፒኤችፒ ነው የተሠራው። ቴብሉን ኤምቢ4 አድርጌዋለሁ፣ ምንም አልተለወጠም። ያወጣሁት ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ በጻፈው የባክአፕ ስክሪፕት ነው። የድሮው ሳይት ላይ ስሙ በደንብ ይታይ ነበር!

ጉርድ ሾላ፦
ወላጅ መጥቶ «የኔ ልጅ የቱ ነው?» ሲል ካርዱም መልሶ ይጠይቀዋል 😄 አይዞሽ እህቴ። ያወጣሽውን ፋይል በኖትፓድ ክፈቺው። እዚያ አማርኛ ካለ ችግሩ ስታስገቢ ነው የተፈጠረው። እዚያም ???? ካለ ስታወጪ ነው።

ሲስተም ባለቤት፦
እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዳታቤዝ ውስጥ ስም በአማርኛ ለምን ይቀመጣል? በላቲን ፊደል አስቀምጡት፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።

ሴሚኮለን፦
አይሆንም። ጸጋዬን አንዱ በ«ቲኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዱና የአሥረኛው አይገጥሙም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስም ማስተካከያ ብሎ ይንከራተታል። ስሙ የተጻፈው በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ይቀመጥ። እርግጥ ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ የሚለው ፍለጋ ላይ ያስቸግራል። ለእሱ ሌላ ኮለምን ጨምሮ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሶ በዚያ መፈለግ ነው። ዋናው ስም ግን እንደተጻፈ ይቆይ።

ኮተቤ፦
ኤምቢ4 አድርጊው ብያለሁ እኮ።

የሌሊት ወፍ፦
አድርጌዋለሁ ብላለች። አንዴ ? የሆነ ነገር ቴብል በመቀየር አይመለስም። እህቴ፣ ሌላ ነገር ከመንካትሽ በፊት ባይቶቹን በኮድ የሚያሳየውን ሄክስ የሚባለውን ፈንክሽን በስም ኮለምኑ ላይ አስኪጂው። አማርኛ ከሆነ እያንዳንዱ ፊደል በ«ኢ1» ይጀምራል። ያኔ ዳታው ደህና ነው፣ ኮኔክሽኑ (ሳይቱ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት) ሲያነብ ነው የሚያበላሸው። «3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ» ካለ ግን የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው።

ቡና ቁርስ (ምሽት 3፡25)፦
3ኤፍ ነው። ሁሉም። ፋይሉ ውስጥም ???? ነው 😭 የባለፈውን ወር ባክአፕ ከፈትኩ፣ እሱም እንደዚያው ነው።

የሌሊት ወፍ፦
እንደጠረጠርኩት ነው። ሳይቱ ኮኔክሽን ሲከፍት ቻርሴቱን (የፊደል አጻጻፉን ዓይነት) ይናገራል። የባክአፕ ስክሪፕቱ አይናገርም። ስለዚህ ሰርቨሩ በላቲን-1 ሰጠው። በዚያ ስክሪፕት የወጡ ባክአፖች በሙሉ ስም የላቸውም ማለት ነው። ይሄ ከነገው ካርድ በላይ ያስፈራኛል፣ እስከ ዛሬ ባክአፕ አልነበራችሁም። ግን የድሮው ዳታቤዝ ውስጥ ስሞቹ አሁንም አሉ። ሆስቲንጉ አልተዘጋም አይደል?

ቡና ቁርስ፦
እስከ ወሩ መጨረሻ ተከፍሏል። ፓስዎርዱ ግን እኔ ጋ የለም፣ ዳይሬክተሩ ጋ ነው። እየደወልኩ ነው፣ አያነሱም።

ጉርድ ሾላ፦
ደውዪ፣ ደጋግመሽ ደውዪ። ካላነሱ ቤታቸው ሂጂ።

የሌሊት ወፍ፦
ስትገቢ ስክሪፕቱን አትንኪው። ማይኤስኪውኤል ዳምፕ የሚባለውን ዳታ ማውጫ ፕሮግራም ተጠቀሚ፣ ዲፎልት ካራክተር ሴቱን ኤምቢ4 በዪው። ከማስገባትሽ በፊት ፋይሉን ከፍተሽ አንድ «አበበ» ፈልጊ። ካገኘሽ፣ ሌላ ስም ባለው ዳታቤዝ ውስጥ ጫኚው። አዲሱን አታጥፊ፣ ከትናንት ወዲህ መምህራን ማርክ አስገብተው ይሆናል። በተማሪ ቁጥር አዛምደሽ የስም ኮለምኑን ብቻ አፕዴት አድርጊ። የወላጅና የመምህራን ስም እንዳይረሳ፣ አድራሻም ካለ።

አባ ባይት፦
አዲሱ ሳይት ላይም ፒኤችፒው ኮኔክሽን እንደከፈተ ቻርሴቱን ኤምቢ4 ይበል። ዲፎልቱን አትመኚ።

ሲስተም ባለቤት፦
የስሙን ነገር አሰብኩበት፣ ልክ ናችሁ። ፓስዎርዱ ካልተገኘስ? ክፍል ኃላፊዎቹ የስም ዝርዝር በወረቀት ይኖራቸዋል። በተማሪ ቁጥር 10 ሰው ቢከፋፈለው ለአንድ ሰው 124 ስም ነው። ሌሊቱን ያልቃል። እኔ መተየብ እችላለሁ፣ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ።

ጉርድ ሾላ፦
እኔም አለሁ።

ሴሚኮለን (በማግስቱ፣ 4 ሰዓት)፦
እህቴ፣ ምን ሆነ? ካርዱ ታተመ?

የሌሊት ወፍ (ከሰዓት)፦
ቡና ቁርስ፣ ድምፅሽን አሰሚን።

አዲስ ገቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። የኔ ግን ጥያቄ ምልክት ሳይሆን ኮፍያና ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ጠፍቷል ማለት ነው?

የሌሊት ወፍ፦
የአንተ ዕድል አለው። ሄክሱን እይ። በ«ኢ1» ከጀመረና ኮለምኑ ላቲን-1 ከሆነ፣ ባይቱ ትክክል ነው፣ ስያሜው ነው የተሳሳተው። መጀመሪያ ኮፒ ያዝ። ከዚያ ኮለምኑን ወደ ብሎብ (ጥሬ ባይት ብቻ ወደሚይዘው ዓይነት)፣ ከብሎብ ደግሞ ወደ ኤምቢ4 ቴክስት ቀይረው። በቀጥታ ከላቲን-1 ወደ ኤምቢ4 አትሂድ፣ ዝብርቅርቁን ያጸናብሃል። ሄክሱን እዚህ ለጥፈው፣ እጠብቃለሁ።