ጉማሬው እንዴት ይሸነፍ?

ሰላም፣ ከባሕር ዳር ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በጽሑፍ ብቻ የፈጠራ ሬስሊንግ እንጫወታለን። ሁሉም የራሱን ተጋጣሚ ይፈጥራል፤ ግጥሚያውን የምንጽፈው በተራ ነው። አሁን ተራው የእኔ ነው፣ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

የጓደኛዬ ተጋጣሚ «የጣና ጉማሬ» ይባላል። 180 ኪሎ፣ የደንገል ታንኳ ተሸክሞ ነው ወደ ሪንግ የሚገባው (አትሳቁ)። በ70 ኪሎ ልጅ መሸነፍ አለበት። ጓደኛዬ ደግሞ ኩርፊያ ይወዳል፤ ጉማሬው ከተዋረደ አለቀልኝ።

በ1987 እ.ኤ.አ. ሬስልማንያ 3 በተባለው ትልቅ የአሜሪካ የሬስሊንግ ዝግጅት ላይ ተጋጣሚው ሀልክ ሆጋን ግዙፉን አንድሬ ዘ ጃየንትን ሊያነሳ ሲሞክር መጀመሪያ ራሱ ከሥሩ ወደቀ። በኋላ ሲያነሳው ጉዳዩ የገነነው በዚያ ውድቀት ይመስለኛል። እኔም ልጁን መጀመሪያ ላይ ጣልኩት። መሐሉ ግን «መታው፣ ወደቀ፣ ተነሳ» ብቻ ሆነብኝ፤ የአስቤዛ ዝርዝር በሉት።

የጉማሬውን ጉልበት ከመጀመሪያው ላስጎዳው? ዳኛው ሁለት ሲቆጥር (ጀርባው መሬት ላይ ተይዞ ሦስት ከተቆጠረበት ተሸነፈ ማለት ነው) ስንት ጊዜ ቢያመልጥ ነው አንባቢ የማይሰለቸው? ወይስ ዳኛው ራሱ ተመትቶ ይውደቅ? ይሄኛው ማጭበርበር ይመስላል፣ ግን ኩርፊያውን ያቀልልኛል። የጻፋችሁ ካላችሁ አንድ ሁለት መስመር ጣል አድርጉልኝ፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ነው ጊዜዬ።