በጥቅምት ቢራቢሮ ለማየት፦ እንጦጦ ወይስ መናገሻ ሱባ?

ዋርካ ጥላ
ሰላም ለሁላችሁ። በጥቅምት አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ስድስት ሆነን ቢራቢሮ ለማየት ልንወጣ ነው፤ ሁለቱ የ9 እና የ11 ዓመት ልጆች ናቸው። እንጦጦ ይሻለናል ወይስ መናገሻ ሱባ? ባለፈው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሁለት ሰዓት ዞረን አንዲት ነጭ ብቻ ነው ያየነው። ምን አጠፋን? መረብና ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርስ (ባይኖኩላር) ያስፈልጋል?

ግራዋ
ሰዓቱም ቦታውም አልሆነላችሁም።

ቢራቢሮ እንደኛ የሰውነቷን ሙቀት ራሷ አትጠብቅም። ለመብረር የደረቷ ጡንቻ ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሞቅ አለበት። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የእንጦጦ ጫፍ ላይ በጥቅምት ማለዳ ይህ አይታሰብም፤ ቅጠል ሥር ተሸጉጣ ፀሐይ ትጠብቃለች። 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወጥታ ድንጋይ ወይም ቅጠል ላይ ክንፏን ዘርግታ ትሞቃለች። ገና ስላልሞቀች ቶሎ አትበርም፤ ለልጆች ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ከ4 እስከ 7 ሰዓት ደግሞ ብዙዎቹ ይወጣሉ። ደመና ሲጋርድ ሁሉም ድንገት ይጠፋሉ፤ እዚያው ቆማችሁ ጠብቁ እንጂ ቦታ አትቀይሩ።

ባሕር ዛፉን በተመለከተ፦ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፣ ከሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። አባጨጓሬ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ አትበላም። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ልጆቿ የሚበሉት ተክል ላይ ነው፤ ያ ተክል በሌለበት ቢራቢሮ መፈለግ ልፋት ብቻ ነው። እንጦጦ ከሆነ ምርጫችሁ፣ ባሕር ዛፉን ትታችሁ ወደ ጅረቶቹ ዳርና አገር በቀል ቁጥቋጦ ወደተረፈበት ገደላገደል ውረዱ።

ኮሸሽላ
ግራዋ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ተክሎቹን ልጨምር።

ሳማ ያለበት ጥላማ ቦታ ላይ ቫኔሳ አቢሲኒካ የምትባለውን ቢራቢሮ ፈልጉ። ጠቆር ያለች ናት፣ ክንፏ ላይ ብርቱካንማ ቀይ መቀነት አላት፤ የደጋችን ልጅ ናት። ማገጥ በበዛበት መስክ ኮሊያስ ኤሌክቶ ዝቅ ብላ በፍጥነት ትበራለች። ስታርፍ ክንፏን ስለምትገጥም ብርቱካናማው ቀለም ይሸሸጋል፤ ብዙ ሰው «ተራ ቢጫ» ብሎ የሚያልፋት ለዚህ ነው። ኮሸሽላ አበባ ላይ ደግሞ ቫኔሳ ካርዱዊ አትጠፋም። የዚህች ዘመዶች በአውሮፓ ክረምት ሲቃረብ ሰሃራን አቋርጠው ወደ አፍሪካ የሚወርዱ ናቸው።

እርጥብ ጭቃንም አትለፉት። ተሰብስበው ጭቃ ሲመጥጡ የምታዩአቸው አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ የሚፈልጉት በውስጡ ያለውን ጨው ነው።

የጽድ ሽታ
መናገሻ ሱባ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጽድ ተተከለበት ይባላል። ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው የሚያስደንቅ ነው፤ ለቢራቢሮ ግን ጥቅጥቅ ያለው መሃሉ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። መንገዱን ዳር ዳሩንና ፀሐይ የሚገባበትን ገላጣ ቦታ ያዙ። ከአየር ጤና ሰበታ ድረስ ታክሲ አለ፤ ከዚያ ወደ ሱባ የሚወጣው ጥርጊያ መንገድ ዝናብ ከጣለበት ዝቅ ላለ መኪና አይመችም። ከልጆች ጋር ለግማሽ ቀን ከሆነ እኔ ከሁለቱም ይልቅ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን እመርጣለሁ፤ ቅርብ ነው፣ አገር በቀል ተክሉም ተሰባስቦ ይገኛል።

መረብ አትግዙ። ቢራቢሮ ሲይዟት ጣት ላይ የሚቀረው «ዱቄት» የክንፏ ቅርፊት ነው፤ አንዴ ከረገፈ አይተካም። ባይኖኩላር ከገዛችሁ 8 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል፤ ዋናው ከ2 ሜትር ርቀት አጥርቶ ማሳየቱ ነው። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ የጫማችሁን ማሰሪያ ተመልከቱበት፤ ከደበዘዘ ተዉት።

ስትጠጉ ጥላችሁ እንዳያርፍባት ተጠንቀቁ፤ የምትሸሸው በአብዛኛው ለዚህ ነው። በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በቂ ነው።

ዋርካ ጥላ
እግዜር ይስጥልኝ፤ ጉለሌ ይሁን። አባጨጓሬስ ለልጆቹ ማሳየት ይቻላል?

ኮሸሽላ
ይቻላል፤ ግን ፀጉራሞቹን እንዳይነኩ፤ አንዳንዶቹ ቆዳ ያሳክካሉ። የሳማው ነገር ስላለም ረጅም ሱሪ አልብሷቸው። ሰበታ አካባቢ ሎሚ ያለበት ግቢ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ፓፒልዮ ዴሞዶከስ የምትባለውን ቢራቢሮ አባጨጓሬ ፈልጉ። ትንሽ ሳለች የወፍ ኩስ ትመስላለች፤ ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች። በቀጭን ሣር ጀርባዋን ነካ ስታደርጓት ከጭንቅላቷ ኋላ ባለሁለት ቅርንጫፍ ለስላሳ ቀንድ ብቅ ታደርጋለች፣ የሚከረፋ ሽታም ትለቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነክታችሁ ተዉአት።